ሦስት ላባ በሦስት ስኒ ቡና

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ፍላጻ ጅራት ላይ ስለሚለጠፈው ላባ ናቸው። ላባው ይለቃል፣ ላባው ይጣመማል፣ ላባ ከየት ይገኛል። ብርዱ ስለገባ ይመስለኛል። ብርድ ሲሆን ሰው ከሜዳ ወደ አዳራሽ ይገባል። በበጋ የተጎዱ ፍላጻዎችም ከተቀመጡበት ይወጣሉ።

አዲስ ለመጣችሁ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ቀስት የጀመርኩት በልጄ ምክንያት ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ትምህርት ቤቱ ቀስት ማስተማር ጀመረ። ወስጄው፣ ጥግ ይዤ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን አሠልጣኟ "ነይ ሞክሪ" አለችኝ። እሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ እግር ኳስ ሄደ። እኔ ቀረሁ።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። በንግግራችን "ቀስት" ስንል ሁለቱንም ነው፤ የሚለጠጠውንም የሚወረወረውንም። እዚህ ግን እንዳንደናገር የሚለጠጠውን ቀስት፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ። እናቱ ጥጥ ስትነድፍበት የነበረውን ደጋን ያየ ሰው የቀስቱ ነገር ቶሎ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አንድ ሰውዬ ጋራዡን ሲያጸዳ አንድ ደርዘን የአሉሚኒየም ፍላጻ በ20 ዶላር ሸጠልኝ። ላያቸው ላይ 2016 የሚል ተጽፏል። የነበረባቸውን አሮጌ ፕላስቲክ በቢላ ፍቄ፣ የተርኪ ላባ ገዝቼ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩበት። ሲያዩት በጣም ያምር ነበር። ሜዳ በወጣሁ ቀን ግን ከ36ቱ ላባ 11ዱ ረገፈ። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ሄደ፤ አንዳንዱ ከፊት በኩል ብቻ ተነሳ። የትኛውን ሙጫ ልግዛ? ደግሞስ 2016 የተሠሩበት ዓመት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። 2016 ዓመቱ ሳይሆን የዘንጉ ልክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። አንድ ኢንች ለ64 ተከፍሎ 20ው እጅ ማለት ነው። ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የኋለኞቹ ሁለቱ የቱቦውን ግድግዳ ውፍረት ይናገራሉ። የኢንች 16 ሺኛ፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስስ ነው። ይህን ያዘው፤ ቢላ ነገር ላይ እመለስበታለሁ።

እኔ በብርድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ የምወረውረው 2315 ነው። 9.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአዳራሹ ርቀት 18 ሜትር፣ ኢላማው 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ወፈር ያለ ፍላጻ የክቡን መስመር የመንካት ዕድሉ ይሰፋል። መስመር ከነካ ከፍ ያለው ነጥብ ይያዝለታል። በዓለም አቀፉ ደንብ የሚፈቀደው እስከ 9.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 23 ቁጥር ከሞላ ጎደል ጣሪያው ላይ ነው።

የአሉሚኒየም ፍላጻ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ዳግ ኢስተን የሚባል ሰው ከእንጨት ቀስትና ፍላጻ ይሠራ ነበር። እንጨት ደግሞ አንዱ ካንዱ እኩል አይሆንም። አንዱ ይጠነክራል፣ አንዱ ይለሰልሳል። ሰውዬው በፈረንጆቹ 1939 በአሉሚኒየም መሥራት ጀመረ። በ1941 ላሪ ሂዩዝ የሚባል ወርዋሪ በእነዚያ ፍላጻዎች የአሜሪካን ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈ። ከዚያ አሜሪካ ጦርነት ገባችና አሉሚኒየሙ ወደ አውሮፕላን ሄደ። ሥራው መልሶ የቀጠለው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ያንተ 2016ም የዚያው ዘር ነው። ከጋራዥ በ20 ዶላር ማግኘትህ ዕድለኛ ነህ።

አሁን ወደ ሙጫው። ሙጫ ገና አትግዛ። መጀመሪያ የረገፉትን ላባዎች ሰብስብና እግራቸውን እይ፤ ማለቴ ዘንጉ ላይ የሚቀመጠውን ጠፍጣፋ ጎን። ሙጫው ከላባው ጋር አብሮ መጥቶ ዘንጉ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከቀረ፣ የቆሸሸው ዘንጉ ነበር። ሙጫው ዘንጉ ላይ ቀርቶ ላባው ብቻውን ከመጣ፣ ጥፋቱ ላባው ላይ ነው። ወይም ላባውን ከማስቀመጥህ በፊት ሙጫው ደርቆብሃል። ከፊት ብቻ የተነሱት ደግሞ እግራቸው ዘንጉ ላይ በደንብ አልተኛም፤ ጫፋቸው ላይም የማሰሪያ ጠብታ አላደረግክም። እንደ ግምቴ አብዛኛው ላባህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። አሮጌ ሙጫ፣ የሰውዬው ጋራዥ ዘይት፣ የአንተ ጣት። ሦስቱም እዚያ ዘንግ ላይ ነበሩ።

ሥራዬ ላይ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ጥርስ ላይ ሙሌት ከመለጠፉ በፊት ሐኪሟ ጥርሱን አሲድ ያለበት ጄል ትቀባዋለች። 15 ሰከንድ ገደማ ትጠብቃለች። ታጥበዋለች፤ ታደርቀዋለች። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ምራቅ እንዳይነካው መጠበቅ ነው። ጥጥ አስገባለሁ፣ በቱቦ እመጥጣለሁ፣ ምላስ አግዳለሁ። ምራቅ ከነካው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ማጣበቂያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን እርጥብና ቅባት ያለበት ጥርስ አይዝም። ይህን ለዓመታት ሳይ ኖሬ፣ ፍላጻ ላይ ስደርስ ግን ረሳሁት።

የረሳሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ዘንግ አጽድቼ ደረደርኩ። እስኪደርቁ ብዬ ቅቤ ማንጠር ጀመርኩ። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ሁሉም ገብቶ ቤቱ ታወደ። ቅቤው ወርዶ ሲያልቅ እጄን ታጠብኩና ላባ መለጠፍ ጀመርኩ። በሳምንቱ አዳራሽ ገብቼ ስወረውር ከ18ቱ ላባ 7ቱ ተራ በተራ መሬት ላይ ቀረ። ቅቤ በዓይን የማይታይ ጭጋግ ሆኖ ዘንጉ ላይ እንዳረፈ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ላባ መለጠፊያው መሣሪያ፣ ሞርሳዬ፣ ጋራዥ ወረደ። ወጥ ቤት ተመልሶ አልገባም።

ያንተን ዘንጎች እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ለመጠገን የሚገቡትን ለይ። የጥፍሮችህን ጫፍ ገጥመህ ዘንጉን እላያቸው ላይ አሽከርክረው። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ታጥፏል። ከዚያ በብርሃን ዙሪያውን እየው። ስንጥቅ ያለበት ወይም ጎላ ብሎ የተጨፈለቀ ካለ፣ ለሁለት ሰብረህ ጣለው። አታዝንለት። የተሰነጠቀ ፍላጻ ሲወረወር ተሰብሮ የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል። ለማንም ስጦታም አይሆንም።

ቀጥሎ አሮጌውን ሙጫ ማንሳት ነው። የቢላህን ስለት ተውና በጀርባው ፋቅ። ግድግዳው 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። የቧጨርከው ቦታ ነገ የሚታጠፍበት ይሆናል። እሳትም አታስጠጋ፤ አሉሚኒየሙ በኃይል ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል። የሱፐር ግሉውን ትራፊ አሴቶን ያወርደዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ነው፤ ግን ሽቶና ቅባት የሌለበትን ንጹሑን ከዕቃ ሱቅ ግዛ። ጨርቅ አርሰህ ዘንጉ ላይ ጠቅልልና ጥቂት ደቂቃ ተወው። ይለሰልሳል። አሴቶን የኋላውን ፕላስቲክ፣ አውታሩ የሚገባበትን ኖክ ያቀልጣልና ከእሱ ራቅ። መስኮት ክፈት። ጋዝ ምድጃ፣ ከሰል፣ ዕጣን ባለበት ክፍል አሴቶን በፍጹም አይከፈትም። የእኛ ቤት ዕጣን የማይጠፋበት ስለሆነ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከዚያ ወደ ቧንቧ ውሰዳቸው። ገንዳ የሚታጠብበትን ነጭ ዱቄት፣ ኮሜት ወይም አጃክስ የሚባለውን፣ እርጥብ አረንጓዴ የዕቃ መፈተጊያ ላይ ነስንስ። ላባ የሚያርፍበትን የኋላውን 15 ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን ፈትግ። አትጫነው፤ ማት እስኪመስል፣ ብልጭልጩ ጠፋ እስኪል ይበቃል። በሚወርድ ውሃ እጠበው።

አሁን ዘንጉን ቀና አድርገህ ውሃውን እይ። ከሁሉም ነገር ይህን እንድታደርግ እፈልጋለሁ። ውሃው እንደ ቀጭን መስታወት ዙሪያውን ሳይቆራረጥ ከሸፈነው ንጹሕ ነው። እንደ ጤዛ ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ቅባት አለ። መልስና ፈትገው። ሁለቴም ሦስቴም ሊሆን ይችላል። አንድ ዘንግ ላይ አምስት ጊዜ የተመለስኩበት ቀን አለ። ውሃው አይዋሽም፤ ዓይንህ ግን "በቃ ነጽቷል" እያለ ያቻኩልሃል።

ከታጠበ በኋላ ከፊቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚያዘው። በፎጣ አይደረቅም፤ ፎጣ ውስጥ የልብስ ማለስለሻ አለ። ብርጭቆ ውስጥ የፊቱን ጫፍ ወደ ታች አድርገህ አቁመውና በነፋስ ይድረቅ። ልትለጥፍ ስትል 91 ከመቶውን አልኮል በንጹሕ ወረቀት አንዴ አሳልፍበት። በዚያው ቀን ለጥፍ። ለነገ አይደርም።

ላባውም መጽዳት አለበት። እግሩ በማሽን ስለተሞረደ ዱቄት ይይዛል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና እግሩን አንዴ ወይም ሁለቴ ጎትትበት። በአልኮል ጥረገው። ከዚያ መቆንጠጫው ውስጥ አስገባው።

መቆንጠጫ ስል ላባ መለጠፊያውን መሣሪያ ነው። ፈረንጆቹ ጂግ ይሉታል፤ እኔ ሞርሳዬ ነው የምለው። ዘንጉን ይይዝልሃል፣ ላባውን ይቆነጥጥልሃል፣ ከአንዱ ላባ ወደ ቀጣዩ 120 ዲግሪ ያዞርልሃል። ያለ እሱ በዓይን ግምት ለመለጠፍ አትሞክር። መጀመሪያ ያለ ሙጫ አስቀምጥና ከጎን በብርሃን እይ። በእግሩና በዘንጉ መካከል ብርሃን ካሾለከ አልተኛም። መቆንጠጫውን አስተካክል። ከፊት በኩል የተነሱብህ ላባዎች ምክንያታቸው ይኸው ነው። ብርሃን እያለ ሙጫ አይደረግም፤ ክፍተትን ሙጫ አይሞላውም።

የላባው የኋላ ጫፍ ከኖኩ ሥር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አለዚያ ጣትህ ይጨፈልቀዋል። ከሦስቱ አንዱ ቀለሙ የተለየ ይሁን። እሱ ከኖኩ ስንጥቅ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ነው የሚቆመው። አውታሩ ላይ ስታስገባ በየት በኩል እንደምታዞረው በእሱ ታውቃለህ።

ስለ ሙጫው። ሱፐር ግሉ መጥፎ አይደለም። ንጹሕ አሉሚኒየም ላይ ይይዛል። ግን ለማረም ጊዜ አይሰጥም፣ ሲደርቅም ይሰባበራል። እኔ የምጠቀመው ለፍላጻ ተብሎ የተሠራውን፣ በቱቦ የሚመጣውን ነው። ፍሌች ታይት የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። እግሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን መስመር አስምር። እንደ ክር ይቅጠን። ብዙ ካደረግክ በጎን ይወጣል፤ ውስጡም ቶሎ አይደርቅም። ዘንጉ ላይ አስቀምጠህ ጫን በልና ለ15 ደቂቃ ተወው። እኛ ጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ አውሮራ ከፍታው ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ቶሎ ይይዛል። አንተ ጋ በእርጥበቱ ወራት 20 እና 25 ደቂቃ ስጠው።

እዚህ ላይ ሰው ይሰለቻል። ቁጥሩን አስላው። 12 ፍላጻ፣ 36 ላባ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ዘጠኝ ሰዓት ነው። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ያለ ሰው በስድስተኛው ፍላጻ ላይ መጠበቁን ወደ አምስት ደቂቃ ያወርደዋል። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ፍላጻ በአንድ ቡና ነው የማደርገው። ቡናው ወጥ ቤት ይፈላል፤ ሞርሳው ጋራዥ ነው። አንዱን ላባ ለጥፌ እገባለሁ፤ አቦል ይቀዳል። ጠጥቼ ወጥቼ ሁለተኛውን እለጥፋለሁ፤ ቶና ይደርሳል። በረካ ሲጠጣ ሦስተኛው ይደርቃል። እህቴ መጀመሪያ ላይ "ይቺ ልጅ ቡናውን ትታ የት ነው የምትመላለሰው?" ትል ነበር። አሁን እሷ ናት "ላባሽ ደርሷል፣ ሂጂ" የምትለኝ።

ሦስቱም ሲያልቁ የእያንዳንዱ ላባ የፊትና የኋላ ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ ሙጫ አድርግ። የፊቱን በፍጹም አትርሳ። ፍላጻው ሲወጣ የላባው የፊት ሹል በእጅህ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ያልተሸፈነ ከሆነ እንደ እሾህ ይገባል። እሱ ደርቆ ሌሊቱን ይደር። ነገ ላባውን ቀስ ብለህ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ ሞክረው። ካልተነቃነቀ ወርውር።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ከሲያትል ነው የምጽፍልሽ። የራሴን 1816 ፍላጻዎች ላባ ለጠፍኩላቸው፤ አንድም አልለቀቀም። ግን ከስምንቱ ሦስቱ አየር ላይ ይንገዳገዳሉ። የቀሩት ደህና ናቸው። ላባ ስላለቀብኝ ከሁለት ሱቅ ነው የገዛሁት። ሌላው፣ ልጄ ትምህርት ቤት የምትወረውረው ፍላጻ የፕላስቲክ ክንፍ ነው ያለው። የእሷንም ላባ ላድርግላት?

መልስ፦ "ከሁለት ሱቅ" ያልሽው መልሱን ይዟል። ላባ እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አለው። ከተርኪው ግራ ክንፍ የመጣው ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል፤ ከቀኝ ክንፍ የመጣው ወደ ሌላው። ይህ ጉብጠት ነው ነፋሱን ይዞ ፍላጻውን የሚያሽከረክረው። አንድ ፍላጻ ላይ ሁለት የግራና አንድ የቀኝ ካደረግሽ፣ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ይጎትታል። ሦስቱን ፍላጻ አውጥተሽ ላባዎቹን ከኋላ በኩል እያቸው። አንዷ ፊቷን ያዞረች ታገኛለሽ።

መድኃኒቱ ያንን ፍላጻ ገፎ እንደገና መለጠፍ ነው። የተረፈሽን ላባ ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ፣ ለስላሳ ጎናቸውን ወደ ላይ አድርገሽ ደርድሪ። የሚጎብጡበትን ጎን አይተሽ ለሁለት ክፈይ። የግራም ሆነ የቀኝ እኩል ይሠራል። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው የቀኝ ክንፍ ያስፈልገዋል የሚባለው እውነት አይደለም። ሦስቱም ከአንድ ወገን ይሁኑ እንጂ። መቆንጠጫሽ ጠመም ያለ ከሆነ ግን የእሱ አቅጣጫ ከክንፉ ጋር መስማማት አለበት፤ ስትገዢ ጠይቂ። ስምንቱም ተንገዳግደው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር። ያኔ የዘንጉ ጥንካሬ ከቀስትሽ ጋር አልሄደም፣ ወይም አውታሩ ላይ ፍላጻውን የምታስገቢበት ቦታ ወርዷል ወይም ወጥቷል።

የልጅሽን አትንኪ። በትምህርት ቤቶች ያለው የቀስት ፕሮግራም በ2002 ኬንታኪ ውስጥ ሲጀመር ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ዕቃ እንዲይዝ ነው። ፍላጻው 1820 አሉሚኒየም ነው፣ ክንፉም ፕላስቲክ ነው፤ እንዲሁ ይቆይ። በመቶ ልጅ እጅ ለሚያልፍ ዕቃ ፕላስቲክ ይሻላል። ዝናብ አይጎዳውም፣ ከረጢት ውስጥ ቢረገጥም ይመለሳል። እኔና አንቺ ላባ የምንመርጥበት ሌላ ምክንያት አለን። የእኔ ቀስት ላይ ፍላጻው የሚያርፈው ቀጥታ እንጨቱ ላይ ነው። ሲወጣ ላባው እንጨቱን ይነካል፣ ተኝቶ ያልፋል፣ መልሶ ይነሳል። ፕላስቲክ ቢሆን ገፍቶ ፍላጻውን ያስታል። ደግሞ ላባ ከፕላስቲክ በብዙ ይቀላል።

ጥያቄ፦ እኔ ዳላስ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር እመላለሳለሁ። የጭልፊትም የዱር ዝይም ላባ መሬት ላይ ወድቆ አገኛለሁ። ጥሩ ጠንካራ ላባ ነው። ሰብስቤ ለልጅ ልጄ ፍላጻ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ባገኙበት ይተዉት። መሬት የወደቀ ነገር ማንን ይጎዳል ብለው ነው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን እዚህ አገር ከ1918 ጀምሮ የሚሠራ ተጓዥ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ አለ። ጭልፊት፣ የዱር ዝይ፣ ጉጉት፣ ሌሎችም ብዙ ወፎች ይገቡበታል። ወፉን መግደል ብቻ አይደለም የተከለከለው። ላባውን ይዞ መገኘትም ነው፤ ወድቆ ያገኙትም ቢሆን። ሕጉ የወጣው በዚያ ዘመን ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ ተብሎ ወፍ በብዛት ይታደን ስለነበር ነው። ንስር ደግሞ በ1940 የወጣ የራሱ ሕግ አለው፤ እሱ ከሁሉም የከበደ ነው። ለልጅ ልጅዎ ብለው ችግር ውስጥ እንዲገቡ አልፈልግም።

ተርኪ ከዚያ ሕግ ውጭ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ላባ በአብዛኛው የእርባታ ተርኪ የክንፍ ላባ ነው፤ ነጩ ቀለም ተነክሮ ነው ቀይና ቢጫ የሚሆነው። የእርባታ ዝይም ይሆናል። እንዲያውም የጥንቶቹ እንግሊዞች የዝይ ሰዎች ነበሩ። በ1545 የሰጠመች ሜሪ ሮዝ የምትባል የጦር መርከባቸው አለች። በ1982 ከባሕር ወጣች። በሺዎች የሚቆጠሩ ፍላጻዎች ተገኙባት። ላባው በስብሶ ጠፍቷል፤ ማጣበቂያው ግን ዘንጉ ላይ ነበር፣ መዳብ ተቀላቅሎበት፣ ክር ተጠምጥሞበት። ያን ያህል ዘመን ባሕር ሥር! ይህን ለልጅ ልጅዎ ይንገሩት፤ ደስ ይለዋል።

የዶሮ ላባም ጠይቀውኝ ነበር በስልክ መልእክትዎ። አይሆንም፤ አጥንቱ ስስ ነው፣ ቶሎ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ለንደን ነው ያለሁት። ፍላጻዎቼን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ተጉዤ ላባዎቹ ተጨፍልቀው ተጣጥፈው ወጡ። ያለፈው እሑድ ደግሞ ዝናብ መታኝና ጭራሽ ዘንጉ ላይ ተለጠፉ። ሁሉንም ገፍፌ አዲስ ልለጥፍ?

መልስ፦ አትግፈፍ! አልሞቱም። ላባ እንደ ፀጉር ነው፤ ያጣመመው ነገር ሲለቅቀው ቅርጹን ያስታውሳል።

እርጥቦቹን በመጀመሪያ አራግፋቸው። ፍላጻውን በሁለት መዳፍህ መካከል አድርገህ ቶሎ ቶሎ አሽከርክር፤ ውሃው ይረጫል። ከዚያ አቁመህ ተዋቸውና በራሳቸው ይድረቁ። ራዲያተር ላይ አታስደግፍ፤ ሙጫውን ያለሰልሰዋል።

የተጨፈለቁትን በእንፋሎት ነው የምታነሳው። ማንቆርቆሪያ አፍላ። እንፋሎቱ ሲወጣ ላባውን ከላይ አሳልፈው፤ እያዞርክ፣ ሳታቆም፣ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ። ዓይንህ እያየ ይነሳል። ያልተነሳች ክፍል ካለች በጣትህ ከሥር ወደ ጫፍ አበጥራት፤ እንደገና አሳልፋት። ረጅም ጊዜ አታቆየው፤ ሙጫውም እንፋሎት ያገኘዋል። የተሰነጠቀ አጥንት ያለውን ላባ ብቻ ነው የምትቀይረው። እሱን በእንፋሎት ማዳን አይቻልም።

ለዝናቡ ውሃ የሚከላከል ደቃቅ ዱቄት በቀስት ሱቆች ይሸጣል። ደረቅ ላባ ላይ በጣትህ ታሽበታለህ። ውሃውን ለጥቂት ሰዓት ያንከባልለዋል። ግን ዱቄቱ ላባው ተለጥፎ፣ ሙጫው ደርቆ፣ ሌሊት ካደረ በኋላ ነው የሚደረገው። አስቀድመህ ካደረግከው እግሩ ሙጫ አይቀበልም።

ለሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ የካርቶን ሣጥን ፈልግ። አንድ ጠፍጣፋ ስፖንጅ በዘንጉ ልክ ብሳና ፍላጻዎቹን በየቀዳዳቸው አስገባ፤ ላባዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አራርቃቸው። እንፋሎት ላይ ስትሠራም ፍላጻውን ከፊት ጫፉ ያዝ። አሉሚኒየም ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል፤ ከመሃል ከያዝከው ጣትህ ይቃጠላል።